ሜዳ የለመደ ጭነት

ያን ዕለት የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ። እትዬ ብዙነሽ ነበሩ፤ የምግቡ ባለቤት። ሶፊያ ነበረች፤ በተፈናቃዮች መጠለያው ጎረቤታቸው፣ ስፌት የምታውቅ። ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ የሚኒባሱ ሾፌር። ዳዊት የሚባል ሞተረኛ ነበረ፤ የተዋወቅነው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ወይዘሮ አልማዝ ነበሩ፤ አንኮበር ሜዳው ላይ ሰዓታቸውን እያዩ የሚጠብቁን። እኔ ነበርኩ፣ ከብስክሌቴ ጋር። ይህ ስድስት ነው። ሰባተኛው ሁለት አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ነበሩ። የእሳቸውን ስም አላውቀውም። ሁሉን ነገር በደብተር የምጽፍ ሰው ሆኜ ያችን አንዷን ነገር ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይህን ታሪክ ዛሬ የምጽፈው ግማሹ በኩራት ነው፤ ግማሹ በዚያች ጉድለት ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥር፣ በጥምቀት ማግስት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአራት እንጨት ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር ብስክሌት እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአሥረኛ ክፍል ትምህርት ሳቆም አንዲት የተጣለች ብስክሌት አገኘሁ። ጆንያ ዘርግቼ ፈታኋት፤ እያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ ከየት እንደወጣ በደብተር እየሣልኩ። መልሼ ስገጥማት አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ተረፈችኝ። ያቺ ሮንዴላ የት እንደምትገባ እስካገኝ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ፈታኋት። ከዚያ ወዲህ የምነካውን ሁሉ እለካለሁ፣ የለካሁትን እጽፋለሁ። ወሬ ላይ ግን ደካማ ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ ጎማውን አያለሁ እንጂ ፊቱን አላይም ነበር።

ሌላው ፍቅሬ ገበያ ነው። ለመነገድ አይደለም፤ ለመብላት ነው። የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ፣ በሶዬን በጥብጬ በኮዳ ይዤ፣ የገጠር ገበያ ወዳለበት እነዳለሁ። መዘዞ ገበያ ዳር ተቀቅሎ በጨውና በሚጥሚጣ የሚበላ ድንች አለ፤ ልጣጩ በአውራ ጣት ሲገፋ ይንሸራተታል። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ጣትን ሲያደነዝዝ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ትኩስ የገብስ ቆሎ አለ። የትኛዋ ሴት ስልጆዋን ከሰናፍጭ ታበዛለች፣ የማን አይብ ዐሬራው በደንብ ወጥቶለታል፣ ሁሉም በደብተሬ አለ። ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ይጻፋል ወይ ይላል። እኔ ግን የበላሁትን ካልጻፍኩት ግማሹን የበላሁ ነው የሚመስለኝ።

ገበያ የሚውል ሰው ዕቃ መያዣ ያስፈልገዋል። ማኑብርዮ፣ ማለት መሪው ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል በጎማው ራጂ፣ በሽቦዎቹ መሀል ይገባል፤ ጀርባ ላይ የታዘለ ቦርሳ ላብ ያጠምቃል። ስለዚህ ከኋላ ጎማዬ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት ቦርሳዎች ሠራሁ። ውጩ የአሮጌ መኪና ሸራ ነው፤ ውስጡ የሱፍ ብርድ ልብስ ቁራጭ። ቁራጩን የሰጠችኝ ሶፊያ ነች፤ በዚያን ጊዜ ብርድ ልብስ ጠርዝ ትሰፋ ነበር። የእያንዳንዱ ቦርሳ ወርድ ሃያ ስድስት ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱም ሃያ ስድስት፣ ቁመቱ ሠላሳ ሁለት ነው። የማር ባልዲ እንዲይዙ ብዬ ነው እንዲህ ያሰፋኋቸው። መጫኛውን ከስምንት ሚሊ ሜትር ፌሮ በየድኩት፤ ቦርሳዎቹ በሁለት በሁለት መንጠቆ ይሰቀሉበታል።

ከተማው ግን ሳቀብኝ። የባጃጅ ልጆች ሲያዩኝ ጡሩምባ ይነፋሉ። አንዱ፣ ገብሱን ወዴት ነው የምታወርደው ይለኛል። ሌላው፣ ለካቴናዋ ዘይት ከምታጠጣት ሣር ብታበላት ይሻላል ይላል። ብስክሌቴን አህያዋ ብለው ስም አወጡላት። ስለዚህ ቦርሳዎቹን ከተማ ውስጥ ማውለቅ ጀመርኩ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ጠቅልዬ መጫኛው ላይ አስራቸዋለሁ፤ የመጨረሻውን ቤት ሳልፍ ዘርግቼ እሰቅላቸዋለሁ። በገዛ እጄ ሥራ እንዲህ አፍሬ ነበር።

አሁን ስለ እትዬ ብዙነሽ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ገበሬ ናቸው። ከቤታቸው ሲወጡ ብዙ ነገር አልያዙም፤ ከያዙት አንዱ በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩት የአንጮቴ ዘር ነው። አንጮቴን ለማያውቀው፣ እንደ ድንች ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ሐረጉ ግን እንደ ዱባ ይሳባል። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ይደቆስና በቅቤና በኮረሪማ ይታሻል። መጀመሪያ መጠለያው አጠገብ ዘሩት፤ የደብረ ብርሃን አመዳይ በአንድ ሌሊት አቃጠለው። ከዚያ ሶፊያ ከአንኮበር በታች፣ ወይና ደጋው ላይ፣ ዘመድ ነበራትና ከእርሻው ጫፍ አንድ ገመድ መሬት ለመነችላቸው። አንደኛው ዓመት ሐረግ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ሥሩ እንደ ሕፃን ራስ አከለ።

አንኮበር ላይ በጥምቀት ማግስት የአካባቢው ሴቶች ምግባቸውን የሚያቀርቡበት ገበያ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ጠረጴዛ ሊጠይቁ ሄዱ። አዘጋጇ ወይዘሮ አልማዝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የምናሳየው የአካባቢያችንን ምግብ ነው፣ የእርስዎ ከሩቅ አገር ነው አሏቸው። እትዬ ብዙነሽ ምን ብለው እንደመለሱላቸው ሶፊያ ነገረችኝ። "ዘሩን ነው ከሩቅ ያመጣሁት፤ ያበቀለው የእናንተ አፈር ነው። የማን ልበለው?" ወይዘሮ አልማዝ አሰቡና በጥጉ ያለችውን ጠረጴዛ ሰጧቸው፤ ቄሱ ማዕዱን በሚባርኩበት በስድስት ሰዓት ምግቡ ትኩስ ሆኖ ካልተገኘ ግን ጠረጴዛው ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ይህ ለሌሎቹ ሁሉ የተነገረ ደንብ ነው። ለእትዬ ብዙነሽ ግን ጉዳዩ ጠረጴዛ ብቻ አልነበረም፤ ከዚህ አገር ሰው ጋር መቆጠር አለመቆጠር ነበር።

ያን ዕለት ጋሽ መኮንን ሚኒባሳቸውን አዘጋጁ፤ ሁለት ድስት አንጮቴ፣ ክዳናቸው በሊጥ ተመርጎ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተጫነ። እኔ የገበያውን ማርና እሸት አስቤ በብስክሌት ሁለት ሰዓት ላይ ቀድሜ ወጣሁ። ሣሩ ላይ አመዳዩ ገና አልረገፈም ነበር። መንገድ ላይ ሚኒባሱ ደረሰብኝ፤ ሶፊያ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ፣ አለፉኝ።

ዳግመኛ ያገኘኋቸው ቆመው ነው። በፊት ጎማዬ ያሰርኳት ቆጣሪ ከቤቴ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር ትላለች፤ ሰዓቱ አራት ከሃያ ነው። ዋናው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት፣ መንገዱ በሁለት የተቆረጠ ድንጋይ መሀል በሚያልፍበት ቦታ፣ ገለባ የጫነ መኪና በጎኑ ተኝቷል። የተጎዳ ሰው የለም፤ የሚያልፍ መኪናም የለም። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ድንጋይ፣ መሀሉ ገለባ። ሰው ግን በገለባው ላይ እየተረማመደ ያልፋል።

መጀመሪያ ጠበቅን። የሚያነሳው መኪና መጣ፣ ደረሰ ተባለ። አንድ ገበሬና አንድ ወታደር ስለ ገለባ ዋጋ ይከራከራሉ። ጋሽ መኮንን ሞተራቸውን አጥፍተው መሪያቸው ላይ ተደገፉ። እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን በብርድ ልብሱ ውስጥ አግብተው የድስቱን ሙቀት ይዳስሱ ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ መኮንን ወረዱና የሚያነሳው መኪና ገና ከደብረ ብርሃን እንዳልወጣ በስልክ አረጋገጡ። ከዚያ እስከ አንኮበር በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ያውም በሁለት ድስት።

ከገለባው ወዲያ ሰው የሚያመላልስ ሞተረኛ ነበር፤ ዳዊት ያልኳችሁ። ሶፊያ ተሻግራ ለመነችው። ሴትዮዋን እወስዳለሁ፣ ድስት ግን አልጭንም አለ። ለምን ብትለው፣ ባለፈው አንዲት ሴት ወጥ ይዛ ተፈናጥጣ ደፍታብኝ እስካሁን ውሻ ሁሉ ይከተለኛል አላት። የሳቀ ሰው አልነበረም።

እትዬ ብዙነሽ ያኔ ከድስቱ ቀና አሉ። "ምግቤን ትቼ እኔ ብቻዬን ልድረስ? ባዶ ጠረጴዛ ላይ ምን ልሆን ነው?"

እኔ ብስክሌቴን ይዤ ቆሜ ነበር። ሶፊያ ወደ ቦርሳዎቹ አየች፤ ከዚያ ወደ ድስቶቹ። ያሰበችው ገባኝ። መለኪያዬን አወጣሁና ድስቱን ለካሁ። ሃያ አምስት ሳንቲሜትር። ቦርሳው ሃያ ስድስት። የብርድ ልብሱ ውፍረት ተጨምሮ የጣት ክፍተት እንኳ አይቀረውም።

"ይገባል" አልኩ። ከዚያ ራሴን ሳላውቀው፣ "እኔ አደርሰዋለሁ እትዬ፤ እርስዎ ቀድመው ጠረጴዛውን ይያዙ" አልኩ።

"ወድቀህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን አልወድቅም።"

ይህን ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሶፊያ፣ "ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ" አለች። ጋሽ መኮንን ድስቶቹን፣ እኔ ብስክሌቴን፣ በገለባው ላይ አሻገርን፤ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አውልቀው ከቦርሳ ወደ ቦርሳ አሳልፈው በድስቶቹ ክዳን ላይ ወተፉትና ሞተሩ ላይ ወጡ። ሶፊያና ጋሽ መኮንን ከሚኒባሱ ጋር ቀሩ፤ መንገዱ ሲከፈት ሳህኑንና የኮባ ቅጠሉን ይዘው ሊመጡ። አምስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ ፔዳሉን ረገጥኩ።

መጀመሪያው ሜዳማ ነበርና ሁሉ ደህና ሆነ። ነፋሱ ከጎን ይመታል፤ ግራና ቀኝ ክብደቱ እኩል ነው፤ በኩራት እየነዳሁ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጭነቱ ነቃ። ከኋላዬ ጭር ጭር የሚል የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ መንጠቆዎቹ በፌሮው ላይ ወደ ፊት እየተንሸራተቱ ነው። የኋላ ፍሬን ስይዝ ይበልጥ መጡ። አንደኛው ቦርሳ ተረከዜን መታኝ፤ እግሬ ከፔዳሉ ወጣ፤ ማኑብርዮው ተወዛወዘ። በቀኜ ገደል ነው። ዳር ያለው ድንጋይ ሲቀርበኝ ብስክሌቷን ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው በኩል፣ ጣልኳት። ጣልኳት ማለት ከሥሯ ሆኜ ያዝኳት ማለት ነው፤ በጉልበቴና በክንዴ። ድስቶቹ መሬት አልነኩም። ጉልበቴ ነካ።

ስነሳ የአንዱ ድስት ሊጥ ተሰንጥቆ ቅቤ ይወርዳል። ጥቂት ነው፤ ግን የኮረሪማው ሽታ ወጣ። ሽታው ሲወጣ ሙቀቱም እየወጣ ነው ብዬ አሰብኩ። ሊጡን በጣቴ ደፈንኩት። መንጠቆዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ አንድ ሃያ ሜትር ሄድኩ፤ እንደገና መጡ። በሽቦ አሰርኳቸው፤ ሽቦው በፌሮው ላይ ራሱ ይንሸራተታል። አስቡት፤ ያንን ቦርሳ በሚሊ ሜትር የለካሁ ሰው፣ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሞልቼ ቁልቁል አልነዳሁትም ነበር። ማር ሸምቼ የምመለሰው ሁልጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው። ቦርሳውን ስሠራ ያልለካሁት ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር፤ መሬቱን ግን አልለካሁትም።

አምስት ሰዓት ከሃያ ስምንት። መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩና፣ አልደብቃችሁም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

አህዮቹ የመጡት ያኔ ነው። ሁለት ናቸው፣ ገብስ ጭነዋል፤ የፊተኛዋ ግራጫ ነች፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ። ከኋላቸው ቀጭን ሽማግሌ፤ ቡናማ ጋቢ፣ የጎማ ጫማ፣ በትከሻቸው አግድም ዱላ። ቆሙ። ብስክሌቷን ዞር ብለው አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"ተጎዳህ ልጄ?"

"አልተጎዳሁም፣ አባቴ።"

"ጭነቱስ?"

"ወደ ፊት እየመጣ አስቸገረኝ።"

"ከየት ነህ?"

"ከደብረ ብርሃን።"

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በንቀት አይደለም፣ ሐኪም ሕመሙን ሲያውቀው እንደሚነቀንቀው ነው። "ታዲያ ሜዳ የለመደ ጭነት ነዋ" አሉ።

ግራጫዋን አህያ በአንገቷ ይዘው ወደ እኔ አዞሩና በዱላቸው ጫፍ አሳዩኝ። አንድ ገመድ በደረቷ ያልፋል። ሌላ ገመድ ደግሞ ከአንደኛው ጆንያ ፊት ተነስቶ በጎኗ ወደ ኋላ ይሄድና በጅራቷ ሥር አልፎ በሌላው ጎኗ ወደ ፊት ይመለሳል። ሽቅብ ስትወጣ ጭነት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የደረቱ ይይዘዋል፤ ቁልቁል ስትወርድ አንገቷ ላይ ሊቀመጥ ይመጣል፣ የጅራቱ ይይዘዋል። በአንድ ገመድ ስለሆነ አንዱ ጆንያ ሲሄድ ሌላው ይጎትተዋል። ይህን ሁሉ በሁለት ትንፋሽ ተናገሩት።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከብስክሌቴ ኋላ አዩ። "ያንተዋ ጅራት የላትም?"

"የላትም።"

"እንግዲያ አብጅላት።"

በዚያች ቅጽበት የባጃጅ ልጆች ድምፅ በጆሮዬ አለፈ፤ ሣር አብላት ያሉኝ። እኔን የሚሰድቡበት ነገር ውስጥ መድኃኒቴ ኖሮ አላየሁትም። መጫኛዬ ጫፍ ላይ ቀይ አንጸባራቂ የያዘ ወደ ላይ የቆመ ብረት ነበር። ጅራቷ እሱ ነው። የጎደለው ገመድ ነው፤ ሽቦ ይንሸራተታል፣ ሲባጎ ይበጠሳል። በመሣሪያ መያዣዬ ውስጥ ያለኝ አንድ አዲስ ከመነዳሪ ብቻ ነው። ጎማዬ መንገድ ላይ ቢተነፍስ መለወጫዬ እሱ ነው። ፔርሙዙን፣ አየር የሚገባበትን አፉን፣ ከከመነዳሪው ላይ በቢላ ቆርጬ ስጥል፣ እመኑኝ፣ ከጉልበቴ ይልቅ እሱ አመመኝ።

ላስታጥቃት ስል ሽማግሌው እጄን ገፋ አደረጉና ራሳቸው ያዙት። ላስቲኩን ከግራው ቦርሳ የፊት መንጠቆ አስነስተው፣ በቀዩ አንጸባራቂ ዙሪያ አሳልፈው፣ ከቀኙ የፊት መንጠቆ ጋር አገናኙት። ጣቶቻቸው እንደ ሥር የደረቁ ናቸው፤ ቋጠሮው ግን ሲታሰር አላየሁትም፣ ብቻ ታሰረ። ሲሳብ የሚጠብቅ፣ ጫፉን በአንድ ጣት ሲስቡት የሚፈታ ነው። ላስቲኩን እንደ በገና ክር በጣታቸው መቱት፤ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ዳግመኛ መቱት።

"ስማኝ" አሉ። "ጭነት ሁለት ጊዜ ነው የሚታሰረው። አንዴ ደጅ፣ አንዴ መንገድ ላይ። የመጀመሪያዋን ጠመዝማዛ እንዳለፍክ ቁምና አጥብቀው። ቸኩዬ ነው ብለህ እንዳታልፍ። ያልቆመ ሰው ጭነቱን ከገደል ይለቅማል።"

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው፤ ወጣሁ። ስማቸውን አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያዋን ጠመዝማዛ አልፌ ቆምኩ። ላስቲኩ በእርግጥ ረግቦ ነበር፤ አንድ ጣት ያህል። ሳብኩት፣ ቋጠርኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት አሥራ አራት ጠመዝማዛ አለው፤ እያንዳንዱን ቆጠርኩ። የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ተራ በተራ ያዝኩ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ቸርኬው ሲነካ የሚፋጅ ሆነ። ግን ከኋላዬ ድምፅ የለም። ጭነቱ ከእኔ ጋር አንድ አካል ሆኖ ይዞራል። ከታች ቆላው ጭጋግ ለብሶ ይታያል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከአስፋልቱ ላይ ካሉት ሹል ድንጋዮች አልነቅልም፤ መለወጫ የለኝምና።

አንኮበር ሜዳው ላይ የደረስኩት አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ደቂቃ ላይ ነው። ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ሞልተዋል፤ ድፎ ዳቦ፣ አሹቅ፣ ስልጆ፣ በቅል ያለ ማር፣ የገብስ ጠላ። በጥጉ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ምንም የለም፤ የእትዬ ብዙነሽ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው፣ መዳፋቸው ተዘርግቶ። አጠገባቸው ዳቦ በመሶብ ያቀፈች ሴት ቆማ ትጠብቃለች። ወይዘሮ አልማዝ ከእነሱ መሀል ናቸው። ጠረጴዛው ላይ በካርቶን "የእንግዳ ምግብ" ተብሎ ተጽፏል። ቄሱ ከወዲያኛው ጫፍ መባረክ ጀምረዋል።

ላስቲኩን በአንድ ጣት ፈታሁት። ድስቶቹን አወጣሁ። እትዬ ብዙነሽ አላመሰገኑኝም፣ አላዩኝምም፤ ቢላቸውን አውጥተው ሊጡን ዙሪያውን ፈለቀቁና ክዳኑን አነሱ።

እንፋሎት ወጣ።

በዚያ ብርድ ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ዳቦ ያቀፈችው ሴት አንገቷን አስግጋ አሸተተችና ወደ ኋላ ሄደች። ቄሱ ሲደርሱ ድስቱ ክፍት ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ባረኩት።

መጀመሪያ የቀመሱት አንድ የአንኮበር አዛውንት ናቸው። ሳህን ገና አልደረሰምና በመዳፋቸው ነበር የተቀበሉት። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ከዚያ ጠየቁ። "ምን ይባላል?"

"አንጮቴ።"

"የየት አገር ነው?"

ያ ጥያቄ ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ቀና አሉ። እትዬ ብዙነሽ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከዚያ በጠረጴዛዎቹ ላይ አሻግረው ወደ ታች፣ ወደ ወይና ደጋው፣ በጣታቸው አመለከቱ።

"እዚያ ነው የበቀለው። ከዚህ ይታያል።"

አዛውንቱ ወደተጠቆመው ቦታ አዩ፤ መዳፋቸውን ዳግመኛ ዘረጉ። ወይዘሮ አልማዝ ካርቶኑን አነሱት። ጠረጴዛውን ለሌላ ሰው ሊሰጡት መስሎኝ ነበር። ገለበጡትና በጀርባው ላይ "አንጮቴ፤ ብዙነሽ" ብለው ጽፈው መለሱት።

ሶፊያና ጋሽ መኮንን ሲደርሱ ሰባት ሰዓት አልፏል፤ አንደኛው ድስት አልቋል። ሶፊያ የደረቀ ደሜን ጉልበቴ ላይ አየችና፣ "ወላሂ፣ አልወድቅም ብለህ ነበር" አለችኝ። የወደቀው ጉልበቴ ነው፣ ድስቱ አልወደቀም አልኳት። በሕይወቴ የቀለድኩት የመጀመሪያ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ሰው ወደ ብስክሌቷ መጣ። አንዱ ሸራውን ይነካል፣ አንዱ ብርድ ልብሱን። ምግቡ እንዴት ሳይቀዘቅዝ ደረሰ ይላሉ። ሞተረኛው ዳዊትም መጥቶ ላስቲኩን በጣቱ መታ፤ ይህችስ ምንድን ናት አለኝ። ብዙ ሰው ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አጎንብሼ ዝም እል ነበር።

"የአህያ ጅራት ነው" አልኩ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ነገር አስረዳኋቸው፣ የደረቱን፣ የጅራቱን፣ ሁለት ጊዜ የሚታሰርበትን ምክንያት። ለብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት ያን ቀን ነው። ዳዊት በዚያው ሳምንት ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ ለሞተሩ አሠራ። ድስት አልጭንም ያለው ሰው።

ከፊሉን አንጮቴ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ሽማግሌውን ልፈልግ ሄድኩ። እህል ተራውን ዞርኩ፣ አህያ የሚታሰርበትን ዞርኩ። ጆሮዋ የተሰነጠቀ ግራጫ አህያ አላገኘሁም። ምናልባት ገብሱን ከገበያው በፊት ባለ ቤት አውርደው ተመልሰዋል። ቅጠሉን ይዤ እስኪበርድ ቆየሁና ራሴ በላሁት።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ ቦርሳዎቹን ከተማ ውስጥ ማውለቅ አቆምኩ ነው መልሴ። ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነው። አሁን ከሸራው ሥር ወጥቼ በር ያለው ቤት ውስጥ ነኝ፤ ጥገናውን ሳልተው ቦርሳ እሠራለሁ፤ ስፌቱን ሶፊያ ትሰፋለች፣ ከእኔ የበለጠ ቀጥ አድርጋ። እያንዳንዱን ቦርሳ ከመስጠታችን በፊት ድንጋይ ሞልተን ጣርማ በር ድረስ ወስጄ ቁልቁል እነዳዋለሁ። እትዬ ብዙነሽ ሦስተኛ ምርታቸውን ሰብስበዋል፤ ዘር የወሰዱባቸው የአንኮበር ሴቶችም አሉ። የባጃጅ ልጆች ዛሬም አህያዋ ይሏታል። አዎ እላለሁ፤ ጅራት አብጅቼላታለሁ። ኩራት ነው ካላችሁ፣ ኩራት ነው።

እያንዳንዱ ቦርሳዬ ላይ ያለው ቋጠሮ ግን የእኔ አይደለም። የሽማግሌው ነው። ደብተሬ ውስጥ የዚያ ቀን ገጽ ላይ ሰዓቱ አለ፣ ኪሎ ሜትሩ አለ፣ የጠመዝማዛው ቁጥር አለ፤ በእሳቸው ስም ቦታ ላይ የተውኩት ባዶ መስመር አለ።

ስለዚህ ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ ሁሉ የጎደለውን ሙሉልኝ። ሶፊያ፣ የገለባው መኪና በስንት ሰዓት እንደተነሳ አልነገርሽኝም። ጋሽ መኮንን፣ ጠመዝማዛዎቹ አሥራ አራት ናቸው ወይስ አንዷን ሁለቴ ቆጥሬያለሁ? ዳዊት፣ እትዬ ብዙነሽ በሞተሩ ላይ ሳሉ ምን ይሉ ነበር? እናንተ ደግሞ በአንኮበር መንገድ የምትመላለሱ፣ ቡናማ ጋቢ የሚለብሱ፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አግድም የሚይዙ፣ የግራ ጆሮዋ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ግራጫ አህያ ያላቸውን ሽማግሌ የምታውቁ ካላችሁ፣ ማን እንደሚባሉ ንገሩኝ። መስመሩ አሁንም ባዶ ነው።